ለአባቴ ጉሮሮ ማደንዘዣ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከዘጌ ነው። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። የበሉት ነገር ደረታቸው ላይ መቆም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ እንጀራ ነበር የሚያስቸግራቸው፤ አሁን ውኃም እምቢ ይላቸዋል። ሌሊት ያስላቸዋል። ከስተዋል። ባህር ዳር ወስደናቸው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ገመድ) እና በራጅ ታዩና አካሌዥያ ነው ተባልን። በአፋቸው ፊኛ ገብቶ ጠባቡ ቦታ ይለጠጣል ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ቀዶ ጥገና አይደለም ብለውናል። ታዲያ ማደንዘዣ ለምን አስፈለገ? ሰፈራችን አንድ ሰው 'ቀላል ነገር ነው' ተብሎ ገብቶ ሳይነቃ ቀርቷል። አባቴን ምን ሊያጋጥማቸው ይችላል? የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ በአፍ ገብቶ ጡንቻውን የሚቆርጥ አዲስ ዘዴ አለ አለችኝ። እናቴ በበኩሏ ጠዋት ጸበል ሳይቀምሱ ከቤት አይወጡም ብላለች። ግራ ገብቶኛል።»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ዶክተር አይደለሁም፤ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ሰው ሥራችን መርፌ ወግቶ ማስተኛት ብቻ ይመስለዋል። ማስተኛቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ የተኛው ሰው እየተነፈሰ መሆኑን መጠበቅ ነው። ጥያቄሽም ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ያርፋል።

ለእናትሽም አንድ ነገር ንገሪልኝ። ፊኛ ሲባል የሽንት ፊኛ የሚመስላቸው ብዙ እናቶች አጋጥመውኛል። «ጉሮሮውን ለታመመ ሰው ፊኛውን ምን አደረጋችሁት?» ብለው የተቆጡኝም አሉ። ይሄኛው ልጆች የሚነፉት ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ሆኖ የተሠራ፣ ረጅም፣ ሲነፋ ብዙ ጊዜ 3 ሳንቲሜትር ስፋት የሚኖረው።

አባትሽ ያለባቸው ነገር እንዲህ ነው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ የጡንቻ በር አለ። ስንውጥ ላላ ብሎ ያሳልፍና ተመልሶ ይዘጋል። በአካሌዥያ ይሄ በር አይላላም። ከበላዩ ያለው ቧንቧም ምግብን ወደ ታች የሚገፋበትን አቅም ያጣል። የጨራጨራን በሮች አስቢ። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በዚያ ነው። በሮቹ ተዘግተው ቢከርሙ ውኃው የት ይሄዳል? ወደ ኋላ ሐይቁን ይሞላል። የአባትሽ ቧንቧም እንደዚያ ሞልቶ፣ ሰፍቶ፣ ከረጢት ሆኗል። በሽታው ብዙ ሰው ላይ የሚታይ አይደለም፤ በዓመት ከ100,000 ሰው አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው። አዲስ ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1674 ስለ አንድ እንዲህ ያለ ታማሚ ጽፏል። ያከመበት መሣሪያ ጫፉ ላይ ስፖንጅ የታሰረበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ነበር። ታማሚው ሲበላ በዚያ እየገፋ ያወርደው ነበር። የዛሬው ፊኛ የዚያ አጥንት የልጅ ልጅ ነው በይው።

እንግዲህ «ማደንዘዣ ለምን?» ላልሽው። ያንን በር በፊኛ መለጠጥ ማለት የጡንቻውን ክሮች በኃይል መበጠስ ማለት ነው። ያማል፤ ደረት የሚሰነጥቅ ዓይነት ሕመም ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ ቢያቅለሸልሸው፣ ቢያስለው ወይም ቢወራጭ ፊኛው ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ ማስተኛት ወይም ቢያንስ በደንብ ማደንዘዝ ግድ ነው። ቀዶ ጥገና አለመሆኑ እውነት ነው። ቢላ ስለሌለ ግን ማደንዘዣውም ቀላል ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በእኔ ልምድ፣ አንዳንድ ሆድ ተከፍቶ ከሚሠራ ነገር ይልቅ የአባትሽ ዓይነት የ20 ደቂቃ ሥራ የበለጠ ያስጠነቅቀኛል።

ለምን መሰለሽ? ያ ከረጢት።

ምግብ ስንበላ ወይም ውኃ ስንጠጣ አንዳንዴ ትን ይለን የለም? ያ ማለት ጠብታዋ የምግብ ቧንቧን ትታ የአየር ቧንቧ በር ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ሰውነታችን በሳል ይመልሳታል። ማደንዘዣ የሚወስደው ታዲያ ይሄንን ሳል ነው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ትን አይለውም። አፉ የደረሰው ነገር ዝም ብሎ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ምግቡ ቅንጣት ከሆነ የአየር መንገዱን ይደፍናል። የጨጓራ አሲድ ያለበት ከሆነ ሳንባውን ያቃጥለዋል። የበሰበሰ ከሆነ ደግሞ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ከርቲስ ሜንደልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የማህፀን ሐኪም ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1946 አጥርቶ ጻፈው። ከ1932 እስከ 1945 ከተመዘገቡ 44,016 ወሊዶች ውስጥ በማደንዘዣ ጊዜ የጨጓራ ይዘት ሳንባቸው የገባ 66 እናቶችን አገኘ። ዛሬ ማንኛውም ታካሚ «ከመቼ ጀምሮ አልበሉም?» ተብሎ የሚጠየቀው በዚያ የተነሳ ነው ማለት ይቻላል።

ለጤነኛ ሰው ሕጉ የታወቀ ነው። ንጹሕ ውኃ ከሆነ 2 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብ ከሆነ 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት ከሆነ 8 ሰዓት ቀድሞ ማቆም ነው። ይህ ሕግ ግን የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፤ የተበላው ነገር ወደ ጨጓራ ወርዷል፣ ጨጓራም ወደ አንጀት አሳልፎታል በሚል። የአባትሽ ምግብ መቼ ወረደ? ሰዓት መቁጠር ለእሳቸው ብዙም አይጠቅምም።

ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ ቢሆን ደስ ባለኝ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ሌላ ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ እንደ አባትሽ ያሉ ገበሬ መጡ። «አባ፣ መቼ ነው የበሉት?» አልኳቸው። «ከትናንት ወዲያ ማታ፤ ማርያምን እልሃለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔም 30 ሰዓት ካለፈ ምን ችግር አለ ብዬ፣ ቱቦ ሳላስገባ፣ በእንቅልፍ መርፌ ብቻ አስተኛኋቸው። ለ10 ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ። የኢንዶስኮፒው ገመድ ገባ አልገባ፣ አቅለሸለሻቸውና አፋቸው ሞላ። የወጣው የሁለት ቀን እንጀራ ነው። የጤፍ ቁራጩ ይታያል፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። የኦክስጅን ቁጥራቸው ከ95 ተነስቶ 70 ገባ። በጎናቸው ገልብጠን፣ በሳክሽን (በመምጠጫ ማሽን) መጥጠን፣ ቱቦ አስገባን። ስድስት ቀን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነው ወጡ። ሲሰናበቱ «ልጄ፣ ያን ቀን በጣም ደንግጠህ ነበር አሉኝ» ብለው ሳቁብኝ። እኔ እስካሁን አልሳቅሁበትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «መቼ በሉ?» ብዬ ጠየቅሁ እንጂ «የበሉት ወርዷል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ እህቴ፣ ለአባትሽ የሚያስፈልገው ከተለመደው ጾም ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ከቀጠሮው በፊት 1 ወይም 2 ቀን ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ አፍ ነው የሚታዘዘው። ቧንቧው በጣም ለሰፋ ሰው ፈሳሹ ከዚያም ረዘም ሊል ይችላል። ትክክለኛውን ቀን የሚወስነው ራጁን ያየው ሐኪም ነውና ጠይቂው። «ፈሳሽ» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ሁልጊዜ አንግባባም። አጥሚት ፈሳሽ አይደለም። የተልባ ጭማቂም፣ ጠላም አይደለም። ፈሳሽ ስንል በብርጭቆ ቀድተሽ ከጀርባው ጣትሽን ካስቀመጥሽ ጣትሽ የሚታይበት ነገር ነው፤ ውኃ፣ ቀጭን ሻይ፣ ተጣርቶ የጠራ የሾርባ ውኃ። «ጾም ነኝ» የሚለውም ያሳስተናል። በእኛ አገር ጾመኛ ማለት ሽሮ የበላ ሰው ማለት ነው! አስተኚው ሲጠይቃችሁ «ጾመኛ ናቸው» ብላችሁ አትለፉት። መጨረሻ የዋጡት ምን እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ንገሩት።

ጸበሉ ላይ ደረስን። እናትሽን ማስቀየም አልፈልግም። እኔም የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ ከቤታችን የጸበል ጀሪካን ጠፍቶ አያውቅም። ግን ቅዱስነቱ ውኃነቱን አያስቀረውም። ለሌላ ሰው ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ ጉንጭ ንጹሕ ውኃ ችግር የለውም። አባትሽ የጠጡት ጉንጭ ግን ከተዘጋው በር በላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እናትሽ ይርጯቸው። ግንባራቸውን ይቀቧቸው። የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁም ሌላ የሚሏችሁ አይመስለኝም። ጠጥተው ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። ይሄ ትልቁ ልመናዬ ነው። ቀጠሮው ይሰረዝብናል ብለው የሚደብቁ አስታማሚዎች አሉ። እውነቱን ካወቅን ሰዓት እናስተላልፋለን፣ ወይም ሳይተኙ በቱቦ እንመጥጠዋለን። ካላወቅን ግን የምናውቀው አፋቸው ሲሞላ ነው።

አሁን ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ፤ ፍርሃት ግማሹ ካለማወቅ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የእንቅልፍ መርፌ ብቻ ነው፤ ታካሚው እያንቀላፋ ራሱ ይተነፍሳል። ዳያዚፓም፣ ፔቲዲን፣ ኬታሚን፣ ፕሮፖፎል፣ ባለው ይሠራል። ሌላው ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ ተኝተው የመተንፈሻ ቱቦ አየር ቧንቧቸው ውስጥ ይገባል፣ በቱቦው ዙሪያ ያለች ትንሽ ፊኛ ተነፍታ ከላይ የሚመጣውን ነገር ታግዳለች። ተራ ኢንዶስኮፒ ለሚታይ ሰው የመጀመሪያው በቂ ነው፤ አንዳንዱማ ጉሮሮውን በሊዶካይን ስፕሬይ ብቻ አደንዝዞ ይታያል። ምግብ ለሚቆምበት ሰው ግን እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ሁሉም ባለሙያ እንደኔ አያስብም፣ ቀላል ደረጃ ላይ ላለ ታካሚ በእንቅልፍ ብቻ የሚሠሩ አሉ። አባትሽ ግን ሌሊት ያስላቸዋል፣ ውኃም አይወርድላቸውም። ስለዚህ «ቱቦ ይገባል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቱቦው ሲገባ አካሄዱ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ቀና ብለው ይተኛሉ፤ ከረጢቱ በቀላሉ ወደ ላይ እንዳይመለስ። ከዚያ ለሦስት ደቂቃ ያህል በጭምብል ኦክስጅን ይስባሉ። ለአባትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ጭምብሉ ማደንዘዣ አይደለም፣ እንዳይሸሹት፣ በረጅሙ ይተንፍሱ። ያ ኦክስጅን ስንቃቸው ነው። መርፌው ተሰጥቶ ቱቦው እስኪገባ ድረስ አንድ ደቂቃ ገደማ አይተነፍሱም፤ ያን ጊዜ የሚኖሩት በስንቃቸው ነው። አንድ ሰው ማንቁርታቸው ሥር በጣቱ ጫን ሊያደርግ ይችላል። ሊያንቃቸው አይደለም። ብራያን ሴሊክ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ያስተማረው ዘዴ ነው፤ የምግብ ቧንቧውን ከኋላ ካለው አጥንት ጋር አጣብቆ ለመዝጋት ነው። ዛሬ ይጠቅማል አይጠቅምም እያልን እንከራከርበታለን፤ ሳናደርገው ግን የብዙዎቻችን ልብ አያርፍም።

ስለ ኦክስጅን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ከተማችን አንድ ነገር። ባህር ዳርን ሙቀቷንና ዘንባባዋን አይቶ ቆላ የሚላት አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ለነቃ ሰው ምንም አይታወቅም፤ ለምደነዋል። ለተኛ ሰው ግን በክፍሉ አየር ብቻ ከሆነ ስንቁ ያነሰ ነው፣ ቁጥሩም ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ «ለአጭር ሥራ ነው፣ ኦክስጅን አያስፈልግም» የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም።

ጣት ላይ የሚሰካውን መቆንጠጫ ታውቂያለሽ፤ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው አውቆታል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ወሬ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። ታካሚው ኦክስጅን እየሳበ ከሆነ መተንፈስ ካቆመ በኋላም ቁጥሩ ለደቂቃዎች 98 ሊል ይችላል። መውረድ ሲጀምር ደግሞ በአንዴ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ደረቱን የሚያይ፣ የትንፋሹን ድምፅ የሚሰማ፣ ቢቻል የሚወጣውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በማሽን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ ሰው ማለቴ ነው። ኢንዶስኮፒውን የሚሠራው ሐኪም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሁለቱን ባንዴ ሊሠራ አይችልም።

ሳይነቃ ቀረ ስላልሽው የሰፈራችሁ ሰው፣ ምን እንደሆነ ሳላይ አልፈርድም። ነፍስ ይማር። በአጠቃላይ ግን ሰው «ማደንዘዣ በዛበት» ሲል ብዙ ጊዜ የሆነው ሌላ ነው። ትንፋሽ ቆሞ ወይም ተዘግቶ ሳይታይ ደቂቃዎች አልፈዋል፤ አንጎል ደግሞ ያለ ኦክስጅን ብዙ ደቂቃ አይታገስም። የእንቅልፍ መርፌ ብቻ በሚሰጥበት ጊዜ ያለው ወጥመድ ይሄ ነው። በማንቀላፋትና ሙሉ በሙሉ በመተኛት መካከል ግንብ የለም። በዕድሜ ለገፋ፣ ለከሳ፣ ውኃ ላነሰው ሰው ለሌላው ትንሽ የሆነች መጠን ታሻግረዋለች። የደም ግፊቱም ይወርዳል። አባትሽ ሁለት ዓመት በደንብ ሳይበሉ ኖረዋል፤ ስለዚህ ቀድመው ደማቸው ታይቶ፣ ፈሳሽ በግሉኮስ ተሰጥቷቸው ቢገቡ ይሻላል።

ሌላም አለ። በጣም የሰፋ የምግብ ቧንቧ ከፊቱ ያለውን የአየር ቧንቧ ሊጫነው ይችላል። ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይጠባል። አባትሽ በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሻቸው የሚያፏጭ ከሆነ ወይም አንገታቸው ላይ እብጠት የሚወጣ ከሆነ ይሄን ሳትናገሪ እንዳትቀሪ። ደግሞም የኢንዶስኮፒው ገመድና ፊኛው ሲገቡና ሲወጡ የመተንፈሻ ቱቦውን ይነካኩታል። አንዴ ፊኛው ሊወጣ ሲል ቱቦው አብሮ ሊመጣብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊኛ ሲወጣ ሌላው እጄ ሁልጊዜ ቱቦው ላይ ነው።

ከማደንዘዣው ውጭ ያለው ትልቁ አደጋ መበሳት ነው። በሩ ሲለጠጥ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። በፊኛ ከታከሙ 100 ሰዎች ሁለቱ ገደማ ላይ ይደርሳል ይባላል፤ ከዚያ ያነሰም የበለጠም የሚዘግብ አለ። ለእኛ ለአስተኚዎች ምልክቱ ድንገት ይመጣል። በኢንዶስኮፒው ወደ ቧንቧው የሚነፋው ጋዝ በቀዳዳው ሾልኮ ደረት ውስጥ፣ ከቆዳ ሥር፣ አንዳንዴ ሳንባ ዙሪያ ይገባል። አንገት ያብጣል፤ ሲጫኑት ደረቅ ቅጠል እንደተረገጠ ይንኮሻኮሻል። ሳንባ ዙሪያ ከተጠራቀመ ሳንባን ይጫነዋል፣ ደም ግፊት ይወድቃል፣ በመርፌ ወይም በቱቦ ማስወጣት ግድ ይሆናል። ለዚህ ነው ከተለጠጠ በኋላ ታካሚውን ለሰዓታት አቆይተን የምናየው፤ አንዳንዴም በራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ አስውጠን የምናነሳው።

የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ ዘዴ አለ። ጃፓናዊው ሃሩሂሮ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ነው። በአፍ ገብተው የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን በትንሹ ይከፍቱና በሽፋኑና በጡንቻው መካከል መሿለኪያ ሠርተው ጡንቻውን ይቆርጡታል። ጥሩ ውጤት አለው። ከማደንዘዣ አንፃር ግን ይቀላል ብለሽ እንዳታስቢ። ሥራው ይረዝማል። በእንቅልፍ መርፌ ብቻ የሚሞከር አይደለም፤ ሙሉ ማደንዘዣና ቱቦ ነው። ጋዙ የሚነፋው በራሱ በግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ወደ ደረትና ወደ ሆድ መሾለኩ የተለመደ ነው። ስለዚህ በተራ አየር ፈንታ በሰውነት ቶሎ የሚመጠጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። አስተኚው ደግሞ ያንን የተመጠጠ ጋዝ በትንፋሽ ለማስወጣት ማሽኑን ማፋጠን አለበት። ሆዱ ከበሮ ሆኖ ሳንባውን ወደ ላይ ከገፋ ሥራው ቆሞ ጋዙ በመርፌ ይወጣል። የቱ ይሻላል የሚለው የሐኪሙ ጉዳይ ነው። ከቤታችሁ አጠገብ ልምድ ባለው እጅ የሚሠራ ፊኛ ካለ ግን እኔ አልንቀውም።

እግረ መንገዴን፣ ይሄንን የሚያነቡ ሌሎች የጣና ዳር ሰዎች ስላሉ። ሁሉም የምግብ ቧንቧ ሥራ እንደ አባትሽ አይደለም። በአካባቢያችን ቢልሃርዚያ አለ። ለዓመታት ጉበትን ሲጎዳ ቆይቶ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችን ያሳብጣል፤ አንድ ቀን ሰውየው ድንገት በሳህን ሙሉ ደም ያስታውካል። ያ የቀጠሮ ሥራ አይደለም። ጾም አይጠበቅም፣ ጨጓራው በደም ሞልቷል፣ ደሙም ሳንባ ሊገባ ይችላል። እዚያ ላይ መጀመሪያ ደም መተካት፣ ከዚያ ቱቦ፣ ከዚያ ነው ደም ሥሩን በኢንዶስኮፒ ማሰር። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ካለ «ጠዋት እንወስደዋለን» አይባልም።

ወደ አባትሽ ልመለስ። ከቀጠሮው በፊት ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር እይልኝ፤ ጠዋት ሲነሱ ትራሳቸው ላይ ምግብ ወይም የሚሸት ፈሳሽ አለ? ካለ ለአስተኚው የመጀመሪያው ወሬ ይሁን። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፤ የግፊት፣ የስኳር፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር። የባህሉን ስትናገሩ ማንም አይቆጣችሁም፣ ቢቆጣም ተናገሩ። ጠዋት የሚዋጥ ክኒን ካለ ይዋጥ ወይስ ይቅር ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክኒኑም እንደ እንጀራው በሩ ላይ ሊቆም ይችላል። አረቄ ይጠጣሉ? ጫት? ሁለቱም የእንቅልፍ መርፌውን ሒሳብ ያዛባሉ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካላቸው ጠቁሙን። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ጥርስ ተነቅሎ ሳንባ የገባበት ታሪክ በሙያችን የታወቀ ነው። ጠዋት በጀልባ እየተጣደፉ እንዳይመጡ፣ ባህር ዳር ዘመድ ካላችሁ ማታውኑ ይደሩ።

ሲነቁ ጉሮሯቸው ይከረክራቸዋል፣ ድምፃቸው ሻከር ይላል፤ ከቱቦው ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ደረታቸውን መጠነኛ ሕመም ሊሰማቸው ይችላል። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ አንገት ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንገታቸው ካበጠ ግን ቤት ገብታችሁም ቢሆን በሌሊትም ቢሆን ተመለሱ። ትኩሳትና ሳል በማግስቱ ከጀመረ ደግሞ ሳንባ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል፤ «ብርድ መታቸው» ብላችሁ ዝንጅብል አታፍሉ። ያን ቀን ብቻቸውን አይሂዱ፣ ለ24 ሰዓት ምንም ወረቀት አይፈርሙ። የመሬት ጉዳይ ያላቸው ታካሚ በዚያው ቀን ውል ሊዋዋሉ ሲሄዱ ከደጅ መልሼያቸው አውቃለሁ።

ጉሮሯቸው በስፕሬይ ደንዝዞ ከሆነ፣ ድንዛዜው ሳይለቅ ውኃም እንዳትሰጧቸው፤ ነቅተውም ቢሆን ትን ሊላቸው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪሙ ይፍቀድ፣ ከዚያ ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ተቀምጠው። እንጀራው ለማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ይቆይ። የዘጌ ሰው ያለ ቡና እንደማይውል አውቃለሁ። ውኃው በደህና ከወረደላቸውና ሐኪሙ እሺ ካለ ቡና ማታ ላይ ይቻላል፤ ቀዝቀዝ ብሎ፣ አተላው ተጠልሎ። ጸበሉንም ያን ጊዜ።